ከተማን አድሳለሁ ስለሚል ቃልና ስለ ከፋዩ

ሥልጣን የሚሻ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «ይህችን የፈረሰች ከተማ አድሳታለሁ» ባለ ጊዜ የተናገረው ነገር ከቃል ኪዳን ወገን ነውን፣ ወይስ ከምኞት፣ ወይስ ከሁለቱም የማይቈጠር ሦስተኛ ነገር? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን የምርጫ ወራት በመጣ ቍጥር ይህን የመሰለ ቃል የማይሰማበት አገር ጥቂት ስለ ሆነ፣ አድማጩም እኩሌታውን እያመነ እኩሌታውን እየጠረጠረ መስማቱን ስላልተወ፣ የነገሩን ጠባይ ሳይለዩ «ቃሉን ፈጸመ»፣ «ቃሉን አጠፈ» እያሉ መፍረድ ፍርድን ከምስክርነት ማስቀደም ይሆናል።

በእኛ ዘንድ ቃል መግባት ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ስእለት ነው። ለታቦት የተሳለ ሰው የለመነው በደረሰለት ጊዜ ጃንጥላውን ወይም መጋረጃውን፣ ባላገርም እንደ ሆነ ወይፈኑን ይዞ በንግሡ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሚገኘው ራሱ ነው፤ በጎረቤቱ ወይፈን የተሳለ ሰው እስካሁን አልሰማንም፣ ቢኖርም ቀድሞ የሚከሰው ጎረቤቱ ነው። የዕጩ ተወዳዳሪ ቃል መልኩ የስእለት መልክ ነው፤ «ይህ ከተደረገልኝ ይህን አገባለሁ» ይላልና፤ ነገር ግን የሚያገባው ወይፈን የራሱ አይደለም። ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው፤ ግብሩ ካልበቃም የአበዳሪው ነው፤ ብድሩን ደግሞ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ገና ያልተወለደ ሰው ነው። እንግዲህ ከተማ ለማደስ የሚሰጠው ቃል በአንድ አፍ የሚነገሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በስብሰባው ለቆመው ሰው የተሰጠ ተስፋና በስብሰባው ላልተገኘው ሰው የተላለፈ ትእዛዝ። እልልታው የሚሰማው ለፊተኛው ነው፤ ሁለተኛውን የሚለፍፍ አዋጅ ነጋሪ ግን የለም። የተናጋሪው ልብ ቅን መሆን አለመሆኑ ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ቅን ሰውም በሰው ገንዘብ ሊሳል ይችላልና። የምጠይቀው ሁለተኛው ሰው ተጠይቆ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ አሳብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በኒው ዮርክ ከተማ፣ በደቡብ ብሮንክስ የሚገኘውን ሻርሎት ጎዳና የሚባለውን አጭር መንገድ እንመልከት (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በ1970ዎቹ ይህ ሠፈር በእሳት ያለቀ ሠፈር ነበር፤ ባንኮች በዚያ ላለ ቤት ማበደርን ትተው ነበር፤ ኪራይ የነጠፈባቸው አንዳንድ ባለቤቶች የመድን ገንዘብ ለመቀበል የገዛ ሕንጻቸውን ያስቃጥሉ ነበር፤ ከተማዪቱም ገንዘብ ሲያጥራት የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ዘግታ ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን 1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሳይጠበቁ መጥተው በጡብ ፍርስራሹ መካከል በእግራቸው ተመላለሱ፤ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስትሯንም ሊድን የሚችለውን ቦታ ለይተው እንዲያቀርቡ አዘዙ። ፎቶግራፉ በአገሩ ሁሉ ታየ፤ ብዙ መቶ ቤቶች የሚሠሩበት አሳብም ተነደፈ። በ1979 ግን የከተማዪቱ የበላይ የግምጃ ጉባኤ፣ ባዶ በሆነ ሠፈር መካከል ቤት ብቻ መሥራት ብልኀት አይደለም የሚል ክርክር በርትቶበት አሳቡን በድምፅ ጣለው። ፕሬዚዳንቱ ተስፋ ሲሰጡ መሬቱ በእጃቸው አልነበረም፤ ገንዘቡም ቢሆን የምክር ቤት እንጂ የእርሳቸው አልነበረም።

ቀጥሎ ኦገስት 5 ቀን 1980 ተወዳዳሪው ሮናልድ ሬገን በዚያው ፍርስራሽ ላይ ቆመው ካርተር ያልፈጸሙትን ለጋዜጠኞች ሲያሳዩ፣ የሠፈሩ ነዋሪዎች ከበው ጮኹባቸው፤ እርስዎስ ምን ያደርጉልናል እያሉ አፋጠጧቸው። ሬገንም ከጩኸቱ በላይ ለመሰማት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ካልተመረጥኩ ምንም ላደርግ አልችልም የሚል መልስ ሰጡ። በዚህ መልስ የሚሥቅ ይኖራል፤ እኔ ግን በዚያ የምርጫ ዘመን ከተነገሩት ቃሎች ሁሉ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል፤ ተወዳዳሪ ማለት ገና ምንም የሌለው ሰው መሆኑን ሳያስበው ገልጾታልና። ሰውየው ተመረጡ፤ ከተመረጡም በኋላ የቤት እርዳታ በጀት በመበርታት ፈንታ እጅግ ተቀነሰ።

ታዲያ የከተማ ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? በአሜሪካ ሥርዐት የከተማ ዋና ገቢ የቤትና የመሬት ግብር ነው፤ ሠፈር ሲቃጠል ግብሩ አብሮ ስለሚቃጠል፣ ከተማዪቱ ገንዘብ አብዝታ በምትሻበት ሰዓት ገቢዋ አብዝቶ ይመነምናል። ያን ጊዜ የሚቀረው ከላይ ካለው መንግሥት መለመን ወይም ቦንድ ሸጦ መበደር ነው። (ወጪ መቀነስም አለ፤ ግን ይህን ሰብኮ የተመረጠ ጥቂት ነው።) ኒው ዮርክ ለብዙ ዓመታት የመረጠችው መበደርን ነበር፤ ይልቁንም ለትምህርት ቤትና ለድልድይ ማሠሪያ የሚሆነውን የካፒታል በጀት ለዕለት ወጪ እስከማዋል ደርሳ ነበር። በ1975 ባንኮቹ ቦንዷን አንገዛም ባሉ ጊዜ የከተማዪቱ የሽያጭ ግብር በመያዣነት የተሰጠው አዲስ የብድር ድርጅት በክፍለ ግዛቱ ተቋቋመ፤ የፌዴራሉም መንግሥት መጀመሪያ እምቢ ብሎ ኋላ በወለድ አበደረ። በ1847 ከተመሠረተው ኮሌጅ ጀምሮ ያለ ክፍያ ሲያስተምር የኖረው የከተማዪቱ ዩኒቨርሲቲ በ1976 ተማሪዎቹን ማስከፈል ጀመረ። የዚያን ዘመን ከንቲባዎች በየስብሰባው ሲያጨበጭብላቸው የነበረው ሕዝብ ሌላ፣ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሌላ ነው። ዕዳው ራሱም እዚያ አላበቃም፤ በ2004 የቀረው ብድር በሌላ ድርጅት በኩል ታድሶ እስከ 2034 እንዲከፈል ተደረገ። በገንዘቡ ችግር ዓመት የተወለደ ሰው በዚያ ቀነ ገደብ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል።

ስለዚህ ነገር ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ ቶማስ ጄፈርሰን ከፓሪስ በሴፕቴምበር 1789 ለባልደረባው ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ምድር በሕይወት ላሉት የተሰጠች ስለ ሆነች አንዱ ትውልድ ሁለተኛውን በዕዳ ሊያስር አይገባውም ብሎ ተከራከረ፤ የሰውን ዕድሜ በሰንጠረዥ አስልቶም የአንድ ትውልድ ዕዳ ከ19 ዓመት ማለፍ እንደሌለበት ደመደመ። ማዲሰን በማግሥቱ ዓመት ሲመልስለት፣ አባቶች የሚበደሩት አንዳንድ ጊዜ ለልጆች ጥቅም እንደ ሆነና የጥቅሙ ወራሽ የዕዳውም ወራሽ ቢሆን በደል እንደማይባል አስታወሰው። ሁለቱ የተሟገቱት ስለ መንግሥት ዕዳ ሁሉ ነው፤ ነገር ግን ሙግታቸውን ወደ አንዲት ከተማ ብናወርደው ለእኔ ማዲሰን በድልድዩ ረገድ፣ ጄፈርሰን ደግሞ በደመወዙ ረገድ የረቱ ይመስለኛል። ስድሳ ዓመት የሚቆም ድልድይ የሚሻገርበት ሰው ሁሉ ቢከፍል ፍትሕ ነው፤ ባለፈው ዓመት የተበላውን ደመወዝ በሚመጣው ትውልድ ላይ መጻፍ ግን፣ ጽሑፉ በቦንድ ወረቀት ላይ በሥነ ሥርዐት የተጻፈ ቢሆንም እንኳ፣ ከማያውቁት ሰው ሳይጠይቁ መውሰድ ነው። አስቸጋሪው ዕጩው «እድሳት» ሲል ሁለቱን በአንድ ቃል ማጠቃለሉ ነው፤ የውኃ መሥመሩና የምረቃው ድንኳን በአንድ በጀት ይገባሉ።

የእድሳት ርካሹ ዓይነት ምን እንደሚመስል ደግሞ የኒው ዮርክ ከንቲባ የኤድ ኮች አስተዳደር በ1983 አሳይቷል፤ በብሮንክስ በአውራ መንገድ ዳር ባዶ በቀሩት ሕንጻዎች መስኮት ላይ መጋረጃና የአበባ ማሰሮ የተሣለበት ወረቀት አስለጠፈ፣ በመኪና የሚያልፈው ሰው ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስለው። ይሁን እንጂ ይኸው አስተዳደር፣ ከተማዪቱ ብድር ለመውሰድ ዳግመኛ ከታመነች በኋላ፣ በ1986 በራሷ የካፒታል በጀት ላይ የቆመ የአሥር ዓመት የቤት ሥራ ዕቅድ አወጣ፤ ዕቅዱ ኋላ ከአምስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ፣ ግብር ሳይከፈልባቸው ቀርተው በከተማዪቱ እጅ የገቡትን ብዙ ሕንጻዎች አሳደሰ። የሠፈሩ ሰዎችም ተቀምጠው አልጠበቁም፤ በደቡብ ብሮንክስ በኬሊ ጎዳና የሚኖሩ ጎረቤታሞች በ1977 ሊፈርሱ የነበሩትን ሦስት ሕንጻዎች አናስፈርስም ብለው በገዛ ጉልበታቸው ማደስ ጀምረው ነበር። በሻርሎት ጎዳና ራሱ፣ በከተማ ዕቅድ አውጪው በኤድዋርድ ሎግ መሪነት ከ1983 ጀምሮ ዘጠና ያህል ፎቅ የሌላቸው፣ አጥርና ግቢ ያላቸው ቤቶች ተተክለው ከወጣባቸው ወጪ በታች ለገዢዎች ተሸጡ፤ ልዩነቱን የከፈለው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

«ከፋዩን በስሙ የሚጠራ ዕጩ አይመረጥም» ብሎ የሚመልስልኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምስክሩም አይጠፋውም፤ ዋልተር ሞንዴል በ1984 የፓርቲያቸውን የፕሬዚዳንት ዕጩነት በተቀበሉበት ንግግር ግብር እንደሚጨምሩ በግልጽ ተናግረው፣ ከሃምሳው ክፍለ ግዛት በአርባ ዘጠኙ ተሸነፉ። ለሽንፈቱ ሌላ ምክንያትም ነበረው፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ብዙ ተወዳዳሪ ያን ቀን እያሰበ ምላሱን እንደያዘ ማመን አያስቸግርም። እንዲህም ከሆነ ጥፋቱ የተናጋሪው ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው የሚከፍለው ሌላ መሆኑን በልቡ እያወቀ ያጨበጭባል፣ ተናጋሪውም ይህን ማወቁን ያውቃል፤ በሁለቱ መካከል ያልተነገረ ስምምነት አለ፣ የስምምነቱም ተበዳይ በአዳራሹ የሌለው ነው። ይህን ሰው በጉባኤ ላይ ማን ይወክለው? ያልተወለደ ሰው ጠበቃ አያቆምም፤ ቦንድ የሚገዛው ባለ ገንዘብ ግን ስለ ወለዱ ሲል ሒሳቡን አጥብቆ ይመረምራል፣ በ1975 የኒው ዮርክን ሒሳብ በመጨረሻ የጠየቀውም እርሱ ነበር፤ የልጅ ልጆችን መብት በአበዳሪ ስስት ላይ ጥሎ መኖር እንደ ምን ያለ ሥርዐት እንደሆነ እኔን ሲያስገርመኝ ይኖራል።

በዲሴምበር 1997 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ወደ ሻርሎት ጎዳና መጥተው የሠፈሩን መነሣት አመሰገኑ። ምስጋናው የሚገባ ነበር፤ ቤቶቹ ቆመዋል፣ ሰዎቹም በግቢያቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ያን ቀን በዚያ ጎዳና ላይ በፕሬዚዳንት አፍ የተነገረው ቃል ከሃያ ዓመት በፊት ከተነገረው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ነገር ይለያል፤ የካርተር ቃል ከገንዘቡ በፊት መጣ፣ የክሊንተን ቃል ከገንዘቡ በኋላ መጣ፤ በሁለቱ ቃሎች መካከል ባለው ዘመን ገንዘቡን በየዓመቱ ከቤት ግብሩ ያወጣ በከተማዪቱ ሌሎች ክፍሎች፣ በኩዊንስና በስታተን አይላንድ፣ የሚኖር ባለ ቤት ግን፣ ሁለቱም ጊዜ ሲነገር ስሙ አልተጠራም።