የክብሪት እንጨቱን አውጡት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። እንጀራ እየተጋገረ ነው፤ ቡናው ቀርቧል፤ ነፋሱ እንደ ልማዱ የአጥሩን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ጨዋታው መሀል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ማድ ቤት ዘው ብዬ ገባሁ። የምጣዱ ገመድ ስፒና የለውም። ሁለቱ ሽቦዎች ተልጠው፣ ራቁታቸውን ሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው፣ እንዳይወጡ በሁለት የክብሪት እንጨት ተወትፈዋል። ሶኬቱ ጠቁሮ አንድ ጎኑ እንደ ጧፍ ቀልጦ ወርዷል። ከበላዩ ደግሞ መጋረጃ!

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኧረ ለጊዜው ነው ልጄ። ስፒናው ተቃጥሎብኝ ነው።»

«መቼ ነው የተቃጠለው?»

ትንሽ አሰቡ። «ለመስቀል መሰለኝ። የአምናው።»

ቆጣሪው ጋ ሄጄ ላጠፋ ስል ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። የድሮው ነጭ የሸክላ ፊውዝ ውስጥ፣ ያቺ ፀጉር የምታህል ቀጭን ሽቦ መኖር በነበረባት ቦታ፣ ሁለት እጥፍ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ ተጋድሟል። የሠራው የጎረቤት ልጅ ነው አሉኝ። «በጣም ጎበዝ ነው፤ እሱ ከነካው ወዲህ አንድ ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

አይጠፋማ! እንዴት ብሎ ይጠፋል?

ወገኖቼ፣ ፊውዝ የተሠራው ሊቃጠል ነው። ሥራው እሱ ነው። ጭነት ሲበዛ ያቺ ቀጭን ሽቦ ቀድማ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች፤ እሷ ሞታ ቤቱ ይተርፋል። እኛ ግን ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የተሰደብን ይመስል እልህ እንያያዛለን፤ «አሁን ደግሞ ተቃጠል እስቲ!» ብለን መዳብ እንጠመዝዝበታለን። መዳብ ለመቅለጥ ከ1,080 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። መጋረጃችሁና ኮርኒሳችሁ ያን ያህል የሚጠብቁ ይመስላችኋል? ምጣድ ደግሞ የስልክ ቻርጀር አይደለም። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 በላይ ባንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፒር ይሆናል፤ ይሄ ሁሉ በክብሪት እንጨት ተደግፎ! የላላ ሽቦ ይግላል፣ የጋለ ሽቦ የበለጠ ይላላል፣ የላላው ደግሞ የባሰ ይግላል።

«ፈጣሪ ይጠብቃል» ትሉኛላችሁ። ፈጣሪማ ጠብቆ ነበር፤ ጠባቂውን ነቅላችሁ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔን ያበገነኝ ድህነቱ እንዳይመስላችሁ። አንድ ደህና ስፒና ከአንድ ኪሎ ሥጋ ይረክሳል፤ አክስቴ ደግሞ ለበዓል በግ የሚያርዱ ሰው ናቸው። ያበገነኝ ያቺ ቃል ናት። ለጊዜው። ይቺ «ለጊዜው» ዓመት ከመንፈቅ ኖራ፣ ልደቷን አክብራ፣ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ሆናለች። ማንም አያያትም። ሰው የሚያያት ሲሸት ነው።

ከአክስቴ ግቢ ወጥቼ ቀና ስል ኮረብታው ላይ የነፋስ ማማዎቹ ይሽከረከራሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው በሁለተኛው 102፤ ባንድ ላይ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ትንሽ ወረድ ሲባል ቆቃ አለላችሁ፤ አዋሽ ተገድቦ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ብርሃን ይሰጣል። አገር እንዲህ ነፋስና ወንዝ ገርታ፣ ያን ሁሉ ምሰሶ አቁማ፣ ሽቦ ዘርግታ ደጃፋችን ድረስ ካመጣችልን በኋላ የመጨረሻዋን አንዲት ስንዝር እኛ በክብሪት እንጨት እንጨርሳታለን። ያሳፍራል። እኔ አፍሬያለሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ አንድ የፊት መብራቱ በካላማዳሪ ታስሯል፤ ሰማይ ሰማዩን ያበራል። «ወንድም፣ መንገዱስ?» ብለው ሳቀብኝ። «ለጊዜው ነው ጋሼ!» ይኸው ልጅ እኮ ማታ ማታ ከሞጆ የሚመጣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሰው ልጅ ጭኖ ይሄዳል።

የጋዝ ሲሊንደር ያላችሁም ስሙኝ። ጎማው አፉ ላይ ሲላላ በላስቲክ ጠፍራችሁ፣ ያፈስ እንደሆነ በክብሪት እሳት የምትፈትሹ እንዳላችሁ በዓይኔ አይቻለሁ። በእሳት! የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል፣ ዝጉትና ባለሙያ ጥሩ። ማጥበቂያው ብረት ስንት ቢሆን ነው? መቼም ክብሪት እንደማይጠፋን ገብቶኛል፤ ለስፒናም ክብሪት፣ ለጋዝም ክብሪት።

ውሃችንም ከዚሁ አላመለጠም። ከወንጂ እስከ መቂና ዝዋይ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የልጆቻችን ጥርስ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢበዛ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብሎ ወስኗል፤ ከዚህ ብዙ የሚያልፍ ጉድጓድ በአካባቢያችን ሞልቷል። የኛ መላ ምንድን ነው? ማፍላት። «አፍልቼ ነው የማጠጣቸው» ትላለች እናት፣ ኮርታ። እህቴ፣ መፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን አይተንም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ እሱ እዚያው ይቀራል፣ በተረፈው ውሃ ውስጥ እንዲያውም ይበረታል። በአጥንት ከሰል የሚያጣራ ማጣሪያ አለ፤ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነ የተመረመረ ውሃ አለ። የልጅ ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሰባትና ስምንት ዓመታት ነው። ያን ጊዜ «ለጊዜው» ያላችሁት ቡናማ ሆኖ ዕድሜ ልክ ፈገግ ይልባችኋል።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ሰኞ ዕለት ግን አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ገጠመኝ፤ ስሙን ተዉት፣ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። «ሲስተም የለም።» አራት ሰዓት፣ «ሲስተም የለም።» ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት አዘነልኝ። ልጁ ትሁት ነው፣ ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ኮምፒውተሩ ግንባር ላይ የይለፍ ቃሉ በእስክሪብቶ ተጽፎ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ወረፋ የቆምነው ሁላችንም አነበብነው። ፕሪንተሩ ወረቀት የሚጎትተው በስክሩድራይቨር ሲገፋ ነው። የመታወቂያዬን ፊትና ጀርባ በገዛ ስልኩ ፎቶ አነሳ፣ በራሱ ዳታ፣ በቴሌግራም፣ ኔትወርክ ላለው ለሌላ ቅርንጫፍ ጓደኛው ላከ። ጓደኛው ሞላልኝ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። ወረፋተኛው «ተባረክ!» አለው፣ አለቃውም በኩራት ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

እኔም አመሰግኜ ወጣሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ስሜ፣ የልደት ቀኔ፣ ቁጥሬ፣ ፊቴ፣ ሁሉም በማላውቀው ልጅ ኪስ ውስጥ ነው፤ በማላየው ጓደኛውም ኪስ ውስጥ። ከእኔ በፊት የተስተናገዱት ሰዎችም እንደዚያው። ስልኩ ቢሰረቅስ? ባጃጅ ውስጥ ቢረሳውስ? ሲስተሙ እንዲጠገን የጻፈ አንድ ሰው አለ ወይ? ብልሃቱ እንዲህ ከሠራ ማን ምን ብሎ ይጽፋል? አለቃው እንደሆነ የልጁን ጀርባ እየመታ ነው።

ተመለስኩ። «ወንድሜ፣ ያን ፎቶ አሁን አጥፋልኝ» አልኩት።

«አይጨነቁ ጋሼ፣» አለኝ፣ የሚቀጥለውን መታወቂያ ፎቶ እያነሳ። «ለጊዜው ነው። ሲስተሙ ሲመጣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አጠፋዋለሁ።»