ለሚጠይቅ ባልንጀራ የሚሰጥ መልስ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ አቴና በገባ ጊዜ ከተማይቱ በጣዖት ተሞልታ ስላገኛት እጅግ አዝኖ ነበር። ነገር ግን በአርዮስፋጎስ በቆመ ጊዜ ንግግሩን በዘለፋ አልጀመረም፤ አስቀድሞ በከተማይቱ ዞሮ ተመልክቶ ነበርና፥ ለማይታወቅ አምላክ ካቆሙት መሠዊያ ተነሥቶ፥ የባለቅኔዎቻቸውንም ቃል ጠቅሶ አስተማራቸው።

በዘመናችን መሠዊያው እንኳ የጠፋበት አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው ከመቶ 46.2፥ ሃይማኖት የለኝም ያለው 37.2 ነበር። ከነዚህም መካከል እግዚአብሔርን የሚጠላው ጥቂት ይመስለኛል፤ የሚበዛው ነገሩን የሚያነሣለት ያጣ ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆቻችን በምን ይጀምሩ? በጾማቸው ይጀምሩ። በምሳ ሰዓት አጠገባቸው የተቀመጠ ባልንጀራ «ሥጋ የማትበላው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በሩን የከፈተው እርሱ ራሱ ነው። «ልማዳችን ነው» ብሎ ማለፍ በሩን መዝጋት ነው፤ «ለጤና ነው» ማለት ግን (ይህ መልስ ዛሬ በዝቷል) ከዚያ ይከፋል፥ እውነት አይደለምና። ዳሩ ግን ልጁ ምክንያቱን ከማን ይማረው? ካህኑ በግእዝ ቀድሶ ሳይተረጉም ካሰናበተው፥ የጾሙን ቀን ቈጥሮለት ጌታ አርባ ቀን የጾመው ስለ ማን እንደ ሆነ ካልነገረው፥ የልጁ ዝምታ በልጁ ላይ አይቈጠርም።

ጳውሎስም ሰሚዎቹን ደስ ለማሰኘት ሲል የሙታንን ትንሣኤ አላስቀረም። ይህን ሲሰሙ ከፊሎቹ አፌዙበት፥ ከፊሎቹም ለሌላ ጊዜ ቀጠሩት፤ ዲዮናስዮስና ደማሪስ ግን ከሌሎች ጥቂቶች ጋር አመኑ።