ግማሽ ኪሎ ሥጋና የጎረቤት ሐቅ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! የዛሬው የጁሙዐ ማስታወሻችን ስለ ድስት ነው። ድስት የዱንያ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ስንቱ ትዳር በወጥ ተጣልቷል፤ ስንቱ ወጣት ለአንድ ምሳ ብሎ ዕዳ ውስጥ ገብቷል።

ሁኔታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዝ ያልቃል። ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመን ዋጋውን ጠይቀን እንመለሳለን። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ግን «ያለ ሥጋ እንዴት አቀርባለሁ?» ብለን እንበደራለን። ሌላው ደግሞ ከጁሙዐ ሶላት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጥብስ አዞ ይበላና ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱና ታናናሾቹ ሽሮ ከበው ያገኛቸዋል። «ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ» ይላቸዋል። መጥገቡስ እውነት ነው።

ታዲያ በዚህ ጉዳይ ዲናችን ምን ይላል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ሾርባ ሲሠራ ውኃውን እንዲያበዛና ጎረቤቶቹን እንዲያስታውስ መክረውታል። ሙስሊም ዘግበውታል። እስኪ ይህን ምክር ቆም ብለን እናስተውለው። ሥጋ ጨምር አላሉትም፤ የሌለውን እንዲያመጣ አላስገደዱትም። ያለው ሥጋ ያው ነው፤ መረቁ ግን ይበዛል፤ መረቁ ሲበዛ ደግሞ ለሌላ ቤትም ይደርሳል። በእስልምና ቁጠባ ማለት ይህ ነው። ስስታም የሚቆጥበው ድስቱን ለመክደን ነው፤ ሙእሚን ግን የሚቆጥበው ድስቱ ለብዙ ሰው እንዲደርስ ነው።

አላህም በሱረቱል ፉርቃን አንቀጽ 67 ላይ የአር-ረሕማን ባሮችን ሲገልጽ፣ ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በመካከል የሚሄዱ መሆናቸውን ነግሮናል። ስለዚህ ሁለት ጥፋቶች አሉ። አንዱ ኢስራፍ ነው፤ ሌላው ገንዘብ እያለ በቤተሰብ ላይ መሰሰት ነው። የአቡ ሱፍያን ባለቤት ሂንድ (ረ.ዐ) ባሏ የሚበቃትን እንደማይሰጣት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግራቸው፣ ለራሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ራስህ ውጭ እየበላህ ቤትህን «ቆጥቡ» አትበል። ለቤተሰብህ በኒያ የምታወጣው ገንዘብ ሶደቃ ሆኖ ይጻፍልሃል። ለጓደኛ ከጋበዝከው ጥብስ በፊት የእናትህ ሐቅ አለብህ።

ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ቀን ጃቢርን (ረ.ዐ) ሥጋ ተሸክሞ አገኙት። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ሥጋ አምሮን ገዛሁ አላቸው። እርሳቸውም ለጎረቤቱና ለአጎቱ ልጅ ብሎ ሆዱን ትንሽ መያዝ የሚፈልግ የለም ወይ የሚል መልእክት ያለው ተግሣጽ ሰጡት። ታሪኩ በኢማም ማሊክ ሙወጧእ ውስጥ ይገኛል። ሥጋ ሐላል ነው፤ ጃቢርም የገዛው በገንዘቡ ነው። ዑመር የፈሩት ባማረን ቁጥር መግዛት ልማድ ሲሆን የሌላው ረሃብ እንዳይረሳን ነው።

እሺ፣ በተግባር ምን እናድርግ?

1ኛ፦ ከመግዛታችሁ በፊት በቤት ውስጥ ተመካከሩ። ባልና ሚስት ወይም አብራችሁ የምትኖሩ ላጤዎች በወሩ መጀመሪያ ለሥጋ የሚመደበውን ገንዘብ ለዩ። ያ ካለቀ ወሩ በምስርና በሽሮ ይለፍ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እሳት ሳይነድ፣ በተምርና በውኃ ብቻ ወራት ያልፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ሽሮ መብላት አያሳፍርም። ለሥጋ ብሎ መበደር ግን ከባድ ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር።

2ኛ፦ ለምትሠሩት ምግብ የሚሆነውን ብልት ግዙ። ለወጥ ጭቅናና ሽንጥ አያስፈልግም። ረጅም ሰዓት ለሚበስል ወጥና ቅቅል አጥንት ያለው ጎድንና ቅልጥም ይሻላል፤ መረቁን የሚያጣፍጠው አጥንቱ ነውና። ሆድ ዕቃውንም አትናቁ። ጨጓራና ጉበት በደንብ ታጥቦ ዱለት ሲሆን ቤተሰብ ያጠግባል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሰኮና ግብዣ ቢጠሩ እንኳ እንደሚሄዱ ተናግረዋል።

3ኛ፦ ቅርጫ ግቡ። በሰፈርም ሆነ በሥራ ቦታ ተሰባስባችሁ በሬ ስትገዙ ሁሉም ቤት ከየብልቱ ይደርሰዋል። ግን ሒሳቡ በግልጽ ይሁን፤ መደቡ እኩል ይሁን፤ አራጁ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ የታወቀ ሰው ይሁን። ርካሽ ነው ተብሎ ማን እንዳረደው የማይታወቅ ሥጋ መግዛት ቁጠባ አይደለም። ጥርጣሬ ያለበትን ትቶ ምስር መብላት ይሻላል።

4ኛ፦ እንደገባ አከፋፍሉት። ሥጋው ቤት እንደደረሰ ለአንድ ጊዜ ድስት የሚበቃውን እየለያችሁ አስቀምጡ። ፍሪጅ ከሌለ በቀጭኑ ዘልዝላችሁ፣ ጨውና በርበሬ አሽታችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት፤ ቋንጣ ይሆናል።

5ኛ፦ ሥጋውን በአትክልትና በጥራጥሬ አብዙት። ድንችና ካሮት የገባበት ቅቅል ሥጋው ትንሽ ቢሆንም ያጠግባል። እፍኝ የማትሞላ ሥጋ ሽሮ ውስጥ ገብታ ቦዘና ስትሆን ትሪው ዙሪያ ያለው ሁሉ ይቀምሳታል። በጉርድ የቀረበ ሥጋ ይቆጠራል፤ ልጆችም ይጣሉበታል። ተፈጭቶ ምንቸት አብሽ ሲሆን ግን ለሁሉም ጉርሻ ይደርሳል።

ይህ የድሃ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አነስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት፣ አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጋብዟቸው የገብስ ዳቦና መረቅ አቀረበላቸው። መረቁ ውስጥ ዱባና የደረቀ ሥጋ ነበረበት፤ እኛ ቋንጣ የምንለው ዓይነት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከሳሕኑ ዳር ዳር ዱባውን እየፈለጉ ይበሉ ነበር። አነስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱባ ወዳድ ሆኑ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብስ ሰፊው ያለውን አቀረበ፤ አላፈረም፤ አልተበደረም። እንግዳው ደግሞ ከፍጡራን ሁሉ በላጩ ነበሩ። እኛ ለማን ብለን ነው የምንበደረው?

6ኛ፦ አብራችሁ ብሉ። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እየበሉ እንደማይጠግቡ ለነገሯቸው ሰዎችም ተሰብስበው እንዲበሉና የአላህን ስም እንዲያወሱ፣ በረካ እንደሚያገኙበት ነግረዋቸዋል። ዛሬ አንዱ ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት፣ ሌላው ሳሎን ይበላል። ከዚያ «ወጡ አይበረክትም» እንላለን።

በመጨረሻም የጎረቤትን ሐቅ አትርሱ። የሥጋ ሽታ አጥር አያግደውም። የናንተ ድስት ሲንተከተክ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ልጆች ይሸታቸዋል። አንድ ጭልፋ መረቅ ላኩ። ጎረቤታችሁ ክርስቲያን ሆነው የእኛን እርድ የማይበሉ ከሆነም የጎረቤትነት ሐቃቸው አለ፤ የሚበሉትን ትኩስ ዳቦ ላኩላቸው፣ ቡና ጥሩዋቸው።

አንድ ጊዜ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በግ ታረደ። ምን ቀረ ብለው ሲጠይቁ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከወርቹ በቀር ምንም አልቀረም አሏቸው። እርሳቸው ግን ከወርቹ በቀር ሁሉም እንደቀረ ነገሯቸው። ቲርሚዚ ዘግበውታል። የተሰጠው አላህ ዘንድ ተቀምጧል፤ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ያለው ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውጭ ልትበላው ያሰብከውን ጥብስ አንድ ጊዜ ተወውና በገንዘቡ ሥጋ ገዝተህ ቤትህ ግባ። ለእናትህ ስጣት። መረቁ ይብዛ። እህቴ፣ አንቺም ከድስቱ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለጎረቤት ቀንሺ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ በጥቂቱ በረካ ያድርግልን፤ ከስስትም ከማባከንም ይጠብቀን። ኣሚን። በዛሬው ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛታችንን አንርሳ።

ወሏሁ አዕለም።