ከደም ስራችን ይበልጥ የቀረበ ጌታ



በዚህ ሳምንት አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሶላት ላይ ሲቆም ለማንም ሊናገረው የማይችለው ሐሳብ እንደሚመጣበት፣ የሱረቱ ቃፍን 16ኛ አንቀጽ ሲሰማ ደግሞ እንደሚደነግጥ ነገረኝ። “አላህ ይህን ሁሉ እያወቀ ሶላቴን እንዴት ይቀበለኛል?” ይላል። ብዙዎቻችሁ ይህ ጥያቄ በሆዳችሁ እንዳለ አውቃለሁ።

አንቀጹ አላህ ሰውን እንደፈጠረው፣ ነፍሱ የምትጎተጉተውን እንደሚያውቅ፣ ከአንገቱ የደም ስርም ይበልጥ ወደ እርሱ ቅርብ እንደሆነ ይነግረናል። ጉትጎታውና የደም ስሩ በአንድ አንቀጽ መምጣታቸውን ልብ በሉልኝ።

እስኪ ስለዚያ አንገት ትንሽ ላውጋችሁ። በኤምአርአይ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ደም የሚለኩበት አንድ ዘዴ አለ። መርፌ የለውም፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለውም። ምልክት የሚደረገው በደሙ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ነው። ደሙ በአንገት ሲያልፍ የውሃውን ሃይድሮጅን መግነጢሳዊ አቅጣጫ በሬዲዮ ሞገድ ይገለብጡታል፣ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይጠብቃሉ፣ ደሙ አንጎል ሲደርስ ምስል ያነሳሉ። ቀጥሎ ያለ ምልክት ሌላ ምስል አንስተው አንዱን ከሌላው ይቀንሳሉ። ልዩነቱ 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ይህንኑ ለደቂቃዎች ይደጋግሙታል፤ ታካሚው ጭንቅላቱን ካንቀሳቀሰ ይበላሻል። በ1992 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ እነ ጆን ዲትሬና አለን ኮሬትስኪ በአይጥ አንጎል ላይ ያሳዩት ዘዴ ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው እያንዳንዱ 100 ግራም የአንጎል ክፍል በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይደርሰዋል። ሱብሓነላህ! ይህ ሁሉ እኛ ሳናውቀው፣ ተኝተንም ጭምር።

(አደራ፣ “ቁርኣን ስለ ኤምአርአይ ተናግሯል” ብላችሁ እንዳትለጥፉ። አልተናገረም። የአላህ ቃል የእኛ ማጋነን አያስፈልገውም።)

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚህ ዘዴ የሚለካው አንጎል ውስጥ ስንት ደም እንዳለ ሳይሆን በየደቂቃው ስንት እንደሚደርስ ነው። ምልክቱ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ደሙም መንገዱን ይቀጥላል። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰውየው በልቡ ምን እንዳለ ግን መሣሪያው አያውቅም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ባለቤታቸው ሶፊያ (ረ.ዐ) ልትጠይቃቸው መጣች። በሌሊት ሲሸኟት ሁለት አንሷሮች አይተዋቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ። እርሳቸውም አብራቸው ያለችው ሶፊያ መሆኗን ነገሯቸው። ሰዎቹ በእርስዎ ላይ እንዴት እንጠረጥራለን ብለው ደነገጡ። ነቢዩም ሸይጧን በሰው ውስጥ ደም በሚፈስበት እንደሚፈስ፣ በልባቸው አንዳች ነገር እንዳይጥል እንደሰጉ ገለጹላቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሶሓቦችን ነው እንዲህ ያሏቸው! አልወቀሷቸውም፤ አዘኑላቸው።

ከዑለማዎች ይህን ቃል በቀጥታ የተረዱት አሉ፣ በምሳሌ የተረዱትም አሉ። የእኔን ተፍሲር አትበሉት፣ አስተንትኖ ብቻ ነው፦ የተባለው “ይፈሳል” ነው። የሚፈስ ነገር ያልፋል። ወስዋሱ የሚቀመጠው እኛ ስናስቀምጠው ነው፤ ስንናገረው፣ ስንሠራበት፣ ሌሊት ብቻችንን ስልክ ይዘን ስንከተለው።

ወንድሜ፣ አላህ ለዚህ ኡመት ነፍሳቸው የምትጎተጉተውን፣ እስካልተናገሩት ወይም እስካልሠሩበት ድረስ፣ ይቅር እንዳለ በሶሒሕ ሐዲስ መጥቷል። ይቅር ያለህ ማን እንደሆነ አስተውል፤ ከደም ስርህ ይበልጥ ቀርቦ ሐሳብህን የሚያውቀው ራሱ ነው። ሳያውቅ አይደለም ይቅር ያለህ። ሶሓቦችም እንዳንተው በውስጣችን ልንናገረው የሚከብደን ነገር እናገኛለን ብለው ለነቢዩ ሲነግሯቸው፣ ያ መጨነቃቸው ግልጽ ኢማን መሆኑን ነው የነገሯቸው። ይህን ሙስሊም ዘግቦታል። ስለዚህ ድንጋጤህን አትጥላው።

ሶላት ላይ ሲመጣብህ ደግሞ ዑስማን ኢብኑ አቢልዓስ (ረ.ዐ) የተማረውን አድርግ። እርሱም ሸይጧን በእኔና በሶላቴ መካከል ገባ ብሎ ለነቢዩ አመልክቶ ነበር። በአላህ እንዲጠበቅና ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲል አስተማሩት። አደረገው፤ አላህም አስወገደለት።

ሱረቱል ከህፍንና ሶለዋትን እንዳትረሱ። ጁምዓ ሙባረክ።