አዲስ ፍላጎት ሲነድ



ወጣትነት የመፈለግና የመሞከር ዘመን ነው። በእኛ በወጣቶች ዘንድ ዘወትር የሚታየውን አንድ ነገር እንመልከት። በገና ድርደራ የጀመረ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት እህል ውኃም አያምረው። ወሬው ሁሉ በገና ነው። ሁለት መዝሙር እንኳ በቅጡ ሳይለምድ «የራሴ በገና ይገዛልኝ» ብሎ ወላጆቹን ያስጨንቃል። በሁለተኛው ወር ግን በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይለብሳል፤ ወጣቱም ፎቶግራፍ ማንሣት ጀምሯል። ቀጥሎ ሥዕል፥ ከዚያም የውጭ ቋንቋ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ፍላጎት ኃጢአት ነውን? አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባስተማረው የዘሪው ምሳሌ፥ በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር የደረቀው ፈጥኖ በመብቀሉ ሳይሆን ሥር ባለመስደዱ ነው። እንግዲህ ልናስብበት የሚገባን ፍላጎታችንን ስለማጥፋት ሳይሆን፥ ሥር የሚሰድበትን አፈር ስለማዘጋጀት ነው።

ነገሩ የበገና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን ነፍስ የለመደችውን ትደግማለች። ሲሞቅ መጀመርን፥ ሲቀዘቅዝ መተውን የለመደ ሰው፥ ጸሎት የሚከብድበት ቀን ሲመጣም እንዲሁ ያደርጋል። የታመመ ጓደኛውን ለመጠየቅ የገባውን ቃልም በዚያው ልማድ ይረሳዋል። የገለባ እሳት ለጊዜው ቤቱን ሁሉ ያበራል፤ ድስት ግን አያበስልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ዋጋውን እንቁጠር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ተምረናል። ስለዚህ መሣሪያውን ከመግዛታችን በፊት እንዋስ፤ ትምህርቱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅም መምህሩን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፥ መጠንና ቀጠሮ እንስጠው። በገና በብዛት የሚሰማበት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከጾሙ መግቢያ እስከ ትንሣኤ በሳምንት ሁለት ቀን፥ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንማር፤ እስከዚያም ሌላ አዲስ ነገር አንጀምር። ልባችን ገና እየፈለገ ማቆምን እንልመድ፤ ለነገ የሚተርፍ ፍላጎት ይኖረናልና።

ሦስተኛ፥ ሁሉን አንያዝ። ይህንም በገናው ራሱ ያስተምረናል። 10 አውታሮች አሉት፤ በተለመደው አደራደር ግን ሁሉም አይመቱም። አንዳንዶቹ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ሁሉም ካልተመቱ ብሎ የሚቸኩል ሰው ዜማውን ያጠፋዋል። የእኛም ፍላጎቶች እንዲሁ ናቸው። አንዱን ወይም ሁለቱን ጸንተን እንማር፤ የቀሩት ግን አልፎ አልፎ የምናርፍባቸው ቢሆኑ ይበቃናል።

ቀጠሮው ሲደርስ ራሳችንን እንመርምር። ፍላጎቱ ከጸና እግዚአብሔርን እያመሰገንን እንቀጥል። ከቀዘቀዘም አንፈር፤ የተዋስነውን በጊዜው እንመልስ፥ የገዛነውንም ለመማር ተራ ለሚጠብቅ ወንድም ወይም እኅት እንስጥ። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በገና በሌላ ሰው እጅ የሚደረደረው ይሻላል።

የጀመርነውን ያስፈጽመን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።