መቋሚያ

በሠርግ ፎቶ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከአፌ አብዝቶ የወጣ ቃል ቢኖር «ቁሙ» ነው። ሚዜው ሲቁነጠነጥ፣ የሙሽራዋ እናት ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ሕፃኑ ቬሎ ሲጎትት «እባካችሁ አንዴ ቁሙ!» እላለሁ። ሰዎቹ ግን ድሮም ቆመዋል፤ የምለምናቸው እንዳይነቃነቁ ነው። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ሰውየው ቆመ፤ ሰዓቱ ቆመ። አንደኛው በእግሩ ነው፣ ሁለተኛው ሞቷል። ይህ ነገር ያሳሰበኝ ግን ሠርግ ቤት አይደለም፤ ካሜራዬን ሰማይ ላይ የማቆምበት ዕቃ ፍለጋ ስንከራተት ነው።

የጀመርኩት በስሕተት ነው። ከአንድ ሰው ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዛሁ፤ ረጅም ነጭ ቱቦ፣ ከሥሩ የፌንጣ የመሰሉ ሦስት ቀጫጭን እግሮች። «ሞተር አለው» አለኝ ሻጩ። አለው፤ አልዋሸም። ሞተሩ ይዞራል፣ ጥርሱ ግን ላልቷል፤ ጎረቤት በር በዘጋ ቁጥር ጁፒተር እስክስታ ትወርዳለች። ካሜራዬን አስሬ መዝጊያውን አንድ ደቂቃ ስከፍተው ኮከቦቹ ትል ትል መስለው ወጡ። ገንዘቤን ሁሉ ለዓይን ሰጥቼ ለእግር ምንም አላስቀረሁም ነበር።

በዚህ ነገር የቆዩ ሰዎች ምክራቸው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማውንቱን ግዛ፣ ቴሌስኮፑ ይደርሳል። ማውንት የሚሉት ቴሌስኮፑን ወይም ካሜራውን ተሸክሞ በሞተር የሚያዞረውን ዕቃ ነው። ምክሩን ስሰማ ተናድጄ ነበር። ሰው ዓይን ሊገዛ ወጥቶ ትከሻ ግዛ ሲሉት እንዴት አይናደድ? ሒሳቡን ስሠራው ግን ዝም አልኩ። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አንዴ በራሷ ላይ ትዞራለች። ስለዚህ ሰማዩ ቆሞ የሚጠብቀን ይመስለናል እንጂ ሙሉ ጨረቃ የገዛ ስፋቷን የሚያህል መንገድ በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለች። ፎቶ አንሺዎች 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍል የሚሉት ደንብ አላቸው። ለእኔ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይመጣል፤ ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ጭራ ያወጣል። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለውን ኔቡላ፣ የሚያበራውን ደመና፣ ዳር ዳሩን ለማውጣት ደግሞ ደቂቃዎች፣ ቢቻል ሰዓታት ያስፈልጋሉ።

ሞተር ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ ላይና ወደ ጎን የሚሄደው ዓይነት ለማየት ይመቻል፤ ኮከቡንም ይከተላል፣ ግን ሥዕሉ ቀስ እያለ በራሱ ላይ ይጠማዘዝበታል፤ መሐሉ ደህና ሆኖ ጠርዙ ቅስት ይሆናል። ኢኳቶሪያል የሚባለው አንደኛውን ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ አዘንብሎ፣ ከምድር ዘንግ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ፣ በአንድ ሞተር ብቻ ምድር ወደ ምሥራቅ የዞረችውን ያህል ወደ ምዕራብ ይመለሳል። በቃ ሥራው ይኸው ነው። ምድር የሠራችውን ያፈርሳል።

ከዚያ የክብደት ነገር መጣ። ኢኪው ሲክስ አር የሚሉት ማውንት 20 ኪሎ ይሸከማል፤ እግሩንና ማመጣጠኛ ብረቱን ሳይጨምር ራሱ ብቻ 17 ኪሎ ነው። ዕቃው ከውጭ የሚመጣበት የአውሮፕላን ሻንጣ 23 ኪሎ። የእኔ ካሜራና ሌንስ አንድ ላይ ሦስት ኪሎ አይሞሉም። ለፎቶ ከተጻፈው አቅም ከግማሽ ብዙ ባይታለፍ ይሻላል ስለሚባል፣ 5 ኪሎ የሚሸከመውን የስካይ ዎቸር ስታር አድቬንቸረር ጂቲአይ መረጥኩ። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ይዛልኝ መጣች፤ ማመጣጠኛ ብረቱን ግን እዚያው ጥላው። «ብረት ከአሜሪካ ተሸክሜ ልምጣ? መርካቶ ብረት ጠፋ?» አልጠፋም። ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ቀዳዳውን እየለካ «የወፍጮ ነው?» አለኝ። «የኮከብ ነው» ስለው ዋጋ ጨመረብኝ።

ዕቃው ተሟላ፤ ያልተሟላው አገሩ ነው። ማውንቱ ወደ ዋልታ እንዲያይ የሰሜን ኮከብን ማግኘት ያስፈልጋል፤ የዚያች ኮከብ ከፍታ ደግሞ ከቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ፓሪስ ላይ 49 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ላይ 9። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው፤ በሰሜን በኩል ያለው እንጦጦ ነው። ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አናቱ ላይ የተሸከመው ተራራ የእኔን አንዲት ኮከብ ጋርዶብኛል። ከዚህም ሌላ ለሩቅ ሰሜን ሰዎች የተሠሩ ማውንቶች አሉ፤ እስከ እኛ ዲግሪ ዝቅ አይሉም፣ ቢሉም የብረቱ ዘንግ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይላተማል። ለመግዛት የምታስቡ ይህን ሳትጠይቁ ብር አታውጡ።

ስለዚህ በጥር፣ የሠርግ ገበያ በደራበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት ሰርቄ ደብረ ብርሃን አካባቢ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ በሰሜን በኩል ምንም የለም፣ ጨረቃም አልነበረችም። ብርዱን አላወራም።

በልጅነቴ ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን ያቆመበትን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ከትምህርት ቤት መጥቼ «ጋሼ፣ ፀሐይማ ድሮም ቆማለች፣ የምትዞረው ምድር ናት» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ሔኖክን ያስተምሩኝ ጀመር፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስቱን ኆኅት በምሥራቅ፣ የምትገባባቸውን ስድስቱን በምዕራብ፣ መልአኩ ዑርኤል እየመራ ያሳየውን። መልስ ይሁን ማስረሻ ያን ጊዜ አልገባኝም። ጥያቄዬ ግን ሠላሳ ዓመት ሳይመለስ ቆየ፤ እኔም አላነሣሁት፣ እሳቸውም።

ያን ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ዕቃዬን ሲያዩ አመሹ። የእግሩን ውኃ ልክ ሳስተካክል፣ የሰሜን ኮከብን በትንሿ መነጽር ስፈልግ፣ ከእውነተኛው ዋልታ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል እንደምትርቅና ራሷም ጥቂት እንደምትዞር ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙ። ሞተሩን ሳስነሣው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ቆመ እንዴ?»

«ይሄዳል ጋሼ። በጣም ቀስ ብሎ ነው።»

«ታዲያ ምኑን አቆመልህ?»

ካሜራው ላይ የሁለት ደቂቃውን ፎቶ አሳየኋቸው። ኮከቦቹ ነጥብ ነጥብ ብለው፣ ኔቡላው መሐል እንደ ፍም ቀልቶ። ብርሃኑ ከዚያ የተነሣበት ዘመን ከእኛ 1,300 ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ለያሬድ ዜማ ቅርብ ነበር። ይህን ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን በመቋሚያው ላይ እንዳደረጉ፣ ያኔ የልጅነቴን ጥያቄ ራሳቸው አነሡት።

«ሌሊቱን ቆመን አደርን እንላለን አይደል? ተተክለን ያደርን ይመስልሃል? ቁም ዜማ አለ፣ ዝማሜ አለ፣ መረግድ አለ። መቋሚያው ይነሣል፣ ይወርዳል፤ እኛም ወዲህ ወዲያ እንላለን። ዜማው ሲሄድ አብሮ የሄደ ነው ቆመ የሚባለው። ባለበት የቀረማ ተኝቷል። የኢያሱም ፀሐይ፣ አንተ ስሟን ፀሐይም በላት ምድርም በላት፣ ከሰውየው ጋር ቆመች። ማን ከማን ጋር እንደ ቆመ ነው ነገሩ።»

መልሱ ጣፈጠኝ፤ ስለጣፈጠኝም ጠረጠርኩት። ማኅሌት የሚቆም ሰው ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይታገለዋል፣ ይወዳል። ሞተሩ ምን ያውቃል? ኦሪዮን ነገ ብትጠፋ የነበረችበትን ቦታ ሲከተል ያድራል። ይህንኑ ተናገርኩ።

«መቋሚያዬስ ያሬድን ያውቃል?» አሉኝ።

መልስ ሳጣ የአሜሪካዊውን የኤድዋርድ ባርናርድን ታሪክ አጫወትኳቸው። በ1857 እ.ኤ.አ. ናሽቪል ውስጥ ደሃ ቤት ተወለደ፤ በዘጠኝ ዓመቱ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ያን ጊዜ ፎቶ የሚያጎሉት በፀሐይ ብርሃን ስለነበር፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ትልቅ መሣሪያ በእጁ እያዞረ ከፀሐይ ጋር ማሄድ። ልጁ ራሱ ማውንት ነበር። አድጎ ከታላላቆቹ የሰማይ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ፤ እንደ ሰዓት የሚዞር ማሽን እያለውም ሌሊቱን ዓይኑን ከአንዲት ኮከብ ላይ ሳያነሣ፣ ማሽኑ ሲያዘነብል በእጁ እያቃና ያድር ነበር። ዛሬ ይህን የሚሠራ ትንሽ ካሜራ አለ፤ አንዲት ኮከብ ይጠብቃል፣ ስትስት ሞተሩን ያርማል። እኔ እስካሁን አልገዛሁም። ገንዘብ አጥቼ ነው፤ ግን ባርናርድን ሳስብ ድህነቴን ትንሽ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኦሪዮን ከአናታችን በላይ ደርሳ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። በዚህ ጊዜ የብረቱ ዘንግና ካሜራው ቦታ ተለዋውጠው መዞር አለባቸው፤ አለዚያ እግሩን ይመታል። ከቶርኖ ቤት ያመጣሁት ብረት ጨለማ ውስጥ ግማሽ ክብ ዞሮ በሌላ በኩል ሲወጣ አጎቴ አማተቡ፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ጋደም ሊሉ ገቡ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ማኅሌት ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኗ ከግቢያቸው በስተምዕራብ፣ ጽድ በከበበው ጉብታ ላይ ናት። ብቻዬን ስቀር ሌንሱን በ50 ሚሊ ሜትር ቀየርኩት፤ ኦሪዮን ጉልላቱ ላይ ስትወርድ አንድ ላይ ላነሣቸው። ስምንት ደቂቃ ከፈትኩ። ኮከቦቹ ነጥብ ሆነው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ተሳበች። ካሜራው ኦሪዮንን እየተከተለ ዝቅ ባለ ቁጥር መሬቱ ወደ ላይ ሄደ፤ ጽዶቹ ጭስ ሆኑ፣ ከበሩ የሚወጣው ብርሃን እንደ ጧፍ ነበልባል ሽቅብ ተመዘዘ። ሞተሩን አጥፍቼ ደገምኩት። ቤተ ክርስቲያኗ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ኦሪዮን ተበጣጠሰች።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሁለቱን ፎቶዎች በኮምፒውተር ይገጥሟቸዋል፤ ሰማዩን ከአንዱ፣ መሬቱን ከሌላው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ዓይኑን የጨፈነ የሙሽራ አጎት ፊት ከሌላ ፎቶ ገልብጬ አውቃለሁ፣ ደንበኛውም አመስግኖኛል። ያን ሌሊት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሁለቱም የቆሙበት ስምንት ደቂቃ አልነበረም። ከአንዱ ጋር ለመቆም ሌላውን መልቀቅ ነበረብኝ፤ የአጎቴን መልስ ተቀብዬ እንኳ ይህ ቀረብኝ፤ ከማን ጋር ቆመን ማንን እንደምንለቅ የሚነግረን ማነው? ከጉብታው ከበሮው ይሰማኛል። ጣቶቼ አይታጠፉም። ባትሪው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

ጠዋት አጎቴ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ መጡ። ሻይ ላይ ሁለቱንም ፎቶዎች አሳየኋቸው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኗ ቀጥ ያለችበትን፣ ቀጥሎ ያንን ሌላውን፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ካሜራውን ተቀብለው፣ አርቀው፣ አቅርበው አዩት።

«ይቺኛዋን አጥበህ ላክልኝ» አሉ።

«ይህቺማ ተበላሽታለች ጋሼ፤ ቤተ ክርስቲያኗን አነቃነቅኳት።»

«አንተ ነህ እንዴ ያነቃነቅካት?» ብለው ሻያቸውን አነሡ። «ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ አይደል እንዴ የነበረችው።»