ሕዋስና የማየት ወሰን

የሰው ልጅ ያየውን ሁሉ ዐወቀ ማለት ይቻላልን? ፈላስፎች ለዘመናት የተከራከሩበትን ይህን ጥያቄ፣ በዓይን የማይታየውን አጉልቶ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ መልክ አስነሣው።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በስለት አሳስቶ የቆረጠው ቡሽ በግድግዳ የተከፋፈሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች እንዳሉት ገለጸ፤ ሆኖም ቡሽ የሞተ የዛፍ ቅርፊት በመሆኑ፣ ያየው የሕዋሳትን ባዶ ግድግዳ እንጂ የሕይወት መሠረታዊ አሐድ የሆነውን ሕያው ሕዋስ አልነበረም። የዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ፋን ሌወንሁክ በበኩሉ፣ ራሱ ባዘጋጃት አንዲት ሌንስ በውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታትን አይቶ በ1676 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ቢጽፍ በቀላሉ የሚያምነው ስላላገኘ፣ የሃይማኖት አገልጋዮች ጭምር መጥተው ያዩትን በጽሑፍ እንዲመሰክሩለት አደረገ። አዲሱ ዕውቀት ከሌንሱ ጥራት ባልተናነሰ በሰው ምስክርነት የቆመ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ይሁን እንጂ ምስክርነትም ከግምት አያድንም። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ፈጣሪ ትውልድን ሁሉ በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ ፈጥሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አስቀምጦታል፣ ፅንስም አስቀድሞ የተዘጋጀ አካል ከማደግ በቀር አዲስ ነገር አይደለም ብለው ያምኑ ነበር። ኒኮላስ ሃርትሱከር በ1694 በወንድ ዘር ራስ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ የተጠቀለለ ትንሽ ሰው የሳለው በዚህ እምነት ነው፤ አየሁት ግን አላለም፤ የሳለው ሊታይ ይችላል ብሎ የገመተውን ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚያሳስበው፣ መሣሪያው ያላሳየውን ሐሳብ በመሣሪያው ስም ስለሚያቀርብ ነው።

ማትያስ ሽላይደን በ1838 ዕፀዋት፣ ቴዎዶር ሽቫን ደግሞ በ1839 እንስሳት ከሕዋሳት የተገነቡ መሆናቸውን ሲያስረዱ፣ አዲስ ሕዋስ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ እንደ ጨው ቅንጣት ይረጋል ብለው በማሰባቸው ተሳሳቱ። ሮበርት ሬማክ ሕዋስ በመከፈል እንደሚበዛ አሳየ፤ ሩዶልፍ ቪርኾም በ1855 ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይገኛል የሚለውን ሕግ አጸና። ኦስካር ሄርትቪግ በ1876 የአንድ እሾሃማ የባሕር እንስሳ እንቁላል ሲመረምር፣ የሁለቱ ወላጆች ኒውክለሶች፣ ማለትም የሕዋሶቻቸው እምብርቶች፣ ሲዋሐዱ አየ፤ ተጠቅልሎ የሚጠብቅ ትንሽ አካል ግን በዚያ አልነበረም።

በዚህ ግኝት የወደቀው በፈጣሪ ማመን ሳይሆን፣ ፈጣሪ የሚሠራበትን መንገድ አስቀድሞ የወሰነው የሰው ግምት ነው። በሌላ በኩል የቪርኾ ሕግ እያንዳንዱን ሕዋስ ወደ ቀደመው ሕዋስ ስለሚመልስ፣ የመጀመሪያው ሕዋስ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ማይክሮስኮፕን ለእምነትም ሆነ ለክሕደት የመጨረሻ ምስክር አድርጎ መጥራት አግባብ አይደለም።